ትረካና ነፃነት በቪዲዮ ጌም ታሪክ

የቪዲዮ ጌም ተጫዋቾች ከሚከራከሩባቸው ጉዳዮች ዕድሜ ጠገቡ፣ ጌም እንደ ፊልም ታሪክ ይንገር ወይስ ሜዳውን ለተጫዋቹ ይልቀቅ የሚለው ነው። አንዱ ወገን በተዋናይ ድምፅ፣ በካሜራና በሙዚቃ የታጀበ፣ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው በደራሲ እጅ የተሰናዳ ታሪክ ይወዳል። ሌላው ሰፊ ዓለም ተሰጥቶት ወዴት እንደሚሄድና ምን እንደሚሠራ ራሱ መወሰን ይሻል። ነገሩ የምርጫ ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ መነሻው ግን የማሽኖቹ አቅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ አንዳንድ ጌም ሠሪዎች ብዙ ምስል የሚይዝ ዲስክ አገኙ፤ ሌሎቹ በእጃቸው የነበረው ምስል የማይችል ትንሽ ኮምፒውተር ነበር። ሁለቱ መንገዶች የተለያዩት እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ በፊት መለያየቱ እምብዛም አይታይም ነበር። አሜሪካዊው ፕሮግራመር ዊል ክራውዘር «ኮሎሳል ኬቭ አድቬንቸር» የተሰኘውን ጌም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ የጻፈው ለሴት ልጆቹ ነው። ክራውዘር ዋሻ አሳሽም ስለነበር ጌሙን የመሠረተው በኬንታኪ ግዛት በሚገኘው የማሞዝ ዋሻ ላይ ነበር። ጌሙ ምስል አልነበረውም። ኮምፒውተሩ ቦታውን በጽሑፍ ይገልጻል፣ ተጫዋቹም በአንድ ወይም በሁለት ቃል ትእዛዝ ይሰጣል። በ1977 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ዶን ዉድስ አስፋፋው። በዚህ ጌም ዋሻውን መዞርና ታሪኩን ማንበብ አንድ ሥራ ነበር።

በሳንቲም የሚሠሩት የአዳራሽ ማሽኖች ሌላ ጠባይ ነበራቸው። የማሽኑ ባለቤት የሚያተርፈው ተጫዋቹ በጥቂት ደቂቃ ተሸንፎ ለቀጣዩ ቦታ ሲለቅ ነው፤ ስለዚህ ለረጅም ታሪክም ሆነ ለረጅም ጉዞ ጊዜ አልነበረም። በ1980 የወጣው «ፓክማን» በአንዳንድ ደረጃዎች መካከል ጥቂት ሰከንድ የሚፈጁ አስቂኝ ትዕይንቶችን ያሳይ ነበር፤ ከዚያ አያልፍም። ይህ የክፍያ ሕግ ዛሬም ይሠራል። በአዲስ አበባና በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች ባሉ ፕሌይስቴሽን ቤቶች ሒሳቡ በጨዋታ ወይም በሰዓት ስለሚቆጠር የኳስ ጌም ሲነግሥ፣ አርባ ሰዓት የሚጠይቅ ታሪክ እዚያ ቦታ አያገኝም።

በ1983 «ድራጎንስ ሌር» ወደ አሜሪካ የጌም አዳራሾች ሲገባ ተጫዋቾች ያዩት ነገር ከዚያ በፊት ከነበረው ጋር አይገናኝም ነበር። የሌሎቹ ማሽኖች ምስል በትንንሽ ባለቀለም ነጥቦች የተሠራ ሲሆን፣ ይህ ግን የዲዝኒን ስቱዲዮ ለቆ የወጣው ዶን ብሉዝ ከባልደረቦቹ ጋር በእጅ የሳለው ሙሉ ካርቱን ነበር። ምስሉ የተቀመጠው ብዙ ምስል በሚይዘው ሌዘርዲስክ ላይ ነው። ደርክ የተባለ ፈረሰኛ ልዕልት ዳፍኒን ከዘንዶ ለማዳን ወደ አንድ ቤተ መንግሥት ይገባል። ወለሉ ሲደረመስ ወይም ጭራቅ ሲዘልበት ተጫዋቹ በዚያች ቅጽበት ጆይስቲኩን ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ይገፋል፣ አለዚያም የሰይፉን ቁልፍ ይጫናል። ከዘገየ ስክሪኑ ለአፍታ ይጠቁርና ዲስኩ ወደ ደርክ ሞት ይዘላል። ትክክል ከሆነ ካርቱኑ ይቀጥላል። ሌላ የሚደረግ ነገር የለም።

ዋጋው ከተለመደው እጥፍ፣ ማለትም 50 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። ሕዝቡ ግን ተሰልፎ ይጠብቅ ነበር፤ በብዙ አዳራሾችም ከኋላ የቆመው ሰው እንዲያይ ከማሽኑ አናት ላይ ሁለተኛ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። ጌም መጫወት ብቻ ሳይሆን ጌም ማየትም ደስታ መሆኑ የታየበት ወቅት ነበር። ቅሬታውም አብሮ መጣ። ካርቱኑ በጠቅላላው ሃያ ደቂቃ ያህል ስለሆነ የእንቅስቃሴዎቹን ቅደም ተከተል በቃሉ ያጠና ተጫዋች ከዚያ በኋላ የሚፈልገው ነገር አልነበረም። ከትዕይንት ወደ ትዕይንት ለመዝለል ያለ እረፍት የሚሠሩት የዲስክ ማጫወቻዎችም ቶሎ ቶሎ ይበላሹ ነበር። በፊልም መሰል ጌሞች ላይ ዛሬ የሚሰማው ወቀሳ፣ «ቁልፍ ተጭኖ ማየት ብቻ ነው» የሚለው፣ ያኔውኑ ተወልዷል።

በዓመቱ እንግሊዝ ውስጥ ተቃራኒው ተሠራ። የካምብሪጅ ተማሪዎች የነበሩት ዴቪድ ብሬበንና ኢያን ቤል «ኢሊት»ን ያዘጋጁት ቢቢሲ ማይክሮ ለተባለ፣ 32 ኪሎባይት ማስታወሻ ብቻ ላለው ኮምፒውተር ነው። ዛሬ በስልክ የሚነሳ አንድ ፎቶ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ይሁንና በጌሙ ውስጥ እያንዳንዳቸው 256 ፕላኔት ያላቸው ስምንት ጋላክሲዎች አሉ። ፕላኔቶቹ የትም አልተቀመጡም። ተጫዋቹ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ከጥቂት ቁጥሮች ተነሥቶ የፕላኔቱን ስም፣ አስተዳደሩን፣ ኢኮኖሚውንና የሸቀጡን ዋጋ ያሰላል፤ መነሻ ቁጥሮቹ ስለማይለወጡ ተመልሶ ሲመጣም ያንኑ ፕላኔት ያገኘዋል። ተጫዋቹ በአንዲት መንኮራኩርና በ100 ክሬዲት ይጀምርና ምግብ ወይም ማሽን ይነግዳል፤ ከፈለገ ወንበዴ ያድናል፤ ከባሰበትም በተከለከለ ሸቀጥ ነግዶ ፖሊስ ያሳድደዋል። ይህን አድርግ የሚለው የለም።

ሁለቱ ወጣቶች ጌሙን መጀመሪያ ያሳዩት ኩባንያ ሦስት «ሕይወት»፣ ነጥብና በአሥር ደቂቃ ያህል የሚያልቅ ጨዋታ ስለፈለገ አልተቀበለውም ነበር፤ በኋላ ያሳተመው አኮርንሶፍት ነው። እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ኢሊት በሳጥኑ ውስጥ ደራሲው ሮበርት ሆልድስቶክ የጻፈው አጭር ልብ ወለድ ነበረው። የነፃነቱ ጌም እንኳ ታሪክ አስፈልጎት ነበር፤ ማሽኑ ሊይዝለት ስላልቻለ በወረቀት አተመው።

ጃፓን ውስጥ በ1986 የወጣው የኒንቴንዶ «ዘ ሌጀንድ ኦቭ ዜልዳ»ም በዚሁ የነፃነት መስመር ላይ ነው። ፈጣሪው ሺገሩ ሚያሞቶ ሐሳቡን ያገኘው በኪዮቶ አካባቢ ባለችው በትውልድ መንደሩ በሶኖቤ በልጅነቱ ጫካውንና ዋሻውን ሲዞር ከተሰማው ስሜት መሆኑን ደጋግሞ ተናግሯል።

በ1990ዎቹ ሲዲ ሲመጣ ሚዛኑ ወደ ትረካ አዘነበለ። ጌም ሠሪዎች እውነተኛ ተዋናዮችን መቅረጽ ጀመሩ፤ በ1994 በወጣው «ዊንግ ኮማንደር 3» ላይ የ«ስታር ዋርስ» ተዋናይ ማርክ ሃሚል ይጫወታል። አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ጌሞች ግን ደካማ ፊልምና ደካማ ጨዋታ የተጣመሩባቸው ስለነበሩ ፋሽኑ ብዙ አልቆየም።

የቆየው በ1997 የወጣው «ፋይናል ፋንታሲ 7» ነው። ስኩዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ ለረጅም ጊዜ አብሮት የሠራውን ኒንቴንዶን ትቶ ወደ ሶኒ ፕሌይስቴሽን የሄደው የኒንቴንዶ ካርትሪጅ ያሰበውን ምስል ስለማይችልለት ነበር፤ ጌሙ ሦስት ሲዲ ሞልቷል። በመጀመሪያው ሲዲ መጨረሻ ላይ ኤሪስ የተባለችው ገጸ ባሕርይ ትገደላለች። ተጫዋቹ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ መሣሪያ ገዝቶላት፣ ኃይሏን አሳድጎ፣ ከብዙ ውጊያ አትርፏታል። ሰይፉ ሲወርድባት ግን ጆይስቲኩ አይታዘዝም። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ተጫዋቾች እሷን የሚያስነሣ ምስጢር ሲፈልጉ ኖሩ፤ ይህን ዕቃ ከያዝክ፣ እዚህ ቦታ ከሄድክ ትነሣለች የሚል ወሬ ከአገር አገር ዞረ። ምስጢሩ አልነበረም። ያ ፍለጋ ስለ ሁለቱም ወገኖች ብዙ ይናገራል። ሞቱ የከበደው ታሪኩ ተጫዋቹን ስለያዘው ነው፤ ልቡ አልቀበል ያለውም በጌም ውስጥ የማይቀለበስ ነገር መኖር የለበትም ብሎ ስላመነ ነው።

በ1998 ቫልቭ የተባለው አሜሪካዊ ኩባንያ «ሃፍ ላይፍ»ን ሲያወጣ የተለየ መፍትሔ አቀረበ። ታሪኩ አንድ መስመር ቢሆንም ካሜራው አንድም ጊዜ ከዋናው ገጸ ባሕርይ ዐይን አይወጣም። መግቢያው ላይ ጎርደን ፍሪማን የተባለው ሳይንቲስት በባቡር ወደ ምድር ውስጥ ቤተ ሙከራ ሲወርድ ተጫዋቹ መንዳት አይችልም፤ በፉርጎው ውስጥ ግን እየተዘዋወረ በፈለገው መስኮት ያያል። መንገዱ የተወሰነ፣ ዐይኑ ግን የራሱ ነበር።

በ2001 የስኮትላንዱ ዲኤምኤ ዲዛይን «ግራንድ ቴፍት አውቶ 3»ን በፕሌይስቴሽን 2 ላይ ሲያወጣ ሙሉ ከተማ ተገኘ። ብዙ ተጫዋቾች ሚሽኑን (የጌሙን ተልእኮ) ትተው መኪና ሰርቀው፣ ሬዲዮ ከፍተው በሊበርቲ ሲቲ ጎዳና ሲዞሩ ያመሹ ነበር። በእርግጥ ሚሽኑን ያልሠራ ወደ ቀጣዩ የከተማው ክፍል አይሻገርም። ሚሽኑን የጀመረም ጠባብ ትእዛዝ ይጠብቀዋል፤ ያችን መኪና ተከተል፣ እንዳታመልጥህ፣ ካመለጠችህ እንደገና ጀምር። «ኦፕን ወርልድ» (ክፍት ዓለም) የሚባሉት ጌሞች አብዛኞቹ ይህን የሁለት ጌም ጥምር ጠባይ ይዘው ቀርተዋል። በ2018 የወጣው «ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2» ዓለሙ እጅግ ሰፊና ሕያው ሆኖ ሳለ፣ በሚሽን ጊዜ ከተባለው መንገድ ጥቂት የወጣን ተጫዋች «ወድቀሃል» ማለቱ ያስነሣው ቅሬታ ከዚሁ የመጣ ነው።

ክርክሩ ከተጫዋቾች አልፎ ወደ ሌሎችም ደረሰ። የፊልም ሐያሲው ሮጀር ኢበርት፣ ጌም ምርጫን ለተጫዋቹ ስለሚሰጥ ደራሲው ሥራውን እንዳይቆጣጠር ያደርጋል፣ ስለዚህ እንደ ፊልምና ልብ ወለድ ጥበብ ሊሆን አይችልም ብሎ ተከራከረ። በ2010 ይህን ሲደግመው በሺዎች የሚቆጠሩ ተጫዋቾች መልስ ጻፉለት፤ እሱም በኋላ ሳይጫወት መናገሩ ተገቢ እንዳልነበረ አመነ። ጌም ሠሪው ክሊንት ሆኪንግ ደግሞ በ2007 «ባዮሾክ»ን ሲተች ታሪኩ አንድ ነገር ሲሰብክ ጨዋታው ሌላ እንደሚያስተምር አሳየ። ይህ ትችት ሚዛናዊ ነው፤ ጥፋቱን በትረካም በነፃነትም ላይ ሳይጥል ሁለቱ ባለመተያየታቸው ላይ ያደርገዋል።

የተጫዋቾች ድምፅ ሠሪዎችን ያስገደደበትም ጊዜ አለ። በ2009 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ የወጣው «ፋይናል ፋንታሲ 13» ለብዙ ሰዓት በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ወደ ፊት ብቻ ስለሚያስኬድ «ኮሪደር» እየተባለ ተወቀሰ፤ በ2016 የመጣው የዚሁ ተከታታይ አሥራ አምስተኛ ክፍል ሰፊ ሜዳና መኪና ይዞ ቀረበ። «ማስ ኢፌክት» ደግሞ ከ2007 ጀምሮ በሦስት ጌም ውስጥ የተጫዋቹን ውሳኔ ሲመዘግብ ቆይቶ፣ በ2012 መደምደሚያው ያን ሁሉ ውሳኔ ወደ ጥቂት ተመሳሳይ አማራጮች ስላጠበበው ቁጣ ተነሣ። ጌሙን የሠራው ኩባንያ በዚያው ዓመት ሰኔ የተራዘመ መደምደሚያ በነፃ አወጣ።

ከሁሉ የከረረው ክርክር በ«ዘ ላስት ኦቭ አስ» ዙሪያ የተነሣው ነው። በ2013 በወጣው የመጀመሪያው ክፍል ጆኤል የተባለ ሰው ወረርሽኝ ባፈረሳት አሜሪካ ኤሊ የተባለች ልጅ ይዞ ይጓዛል። ልጅቷን በሽታው አይነካትም፤ ሐኪሞች ከእሷ መድኃኒት ለማግኘት ሊያደርጉት ያሰቡት ቀዶ ጥገና ግን ይገድላታል። ጆኤል የቀዶ ጥገናውን ክፍል በር ሲከፍት አንድ ሐኪም ቢላ ይዞ ይቆምበታል። ታሪኩ እንዲቀጥል ሐኪሙ መሞት አለበት። ተጫዋቹ ባይስማማም ሌላ መውጫ የለም። ገሚሱ ይህን እንደ ድክመት ቆጠረው። ሌሎች ግን ያልፈለጉትን እንዲያደርጉ መገደዳቸውን የጌሙ ትልቁ ስኬት አሉት። በ2020 ሁለተኛው ክፍል የሐኪሙን ልጅ አቢን አመጣ፤ ጆኤልን ትገድለዋለች፣ ተጫዋቹም ለረጅም ሰዓት እሷን ሆኖ እንዲጫወት ይደረጋል። ብዙዎች ተቆጡ፤ ጌሙ ደግሞ በዚያው ዓመት በ«ዘ ጌም አዋርድስ» ሽልማት የዓመቱ ምርጥ ጌም ተባለ። በ2023 ታሪኩ በኤችቢኦ ተከታታይ ድራማ ሲሆን ሴራው ሳይጎድል ተሻግሯል። ያልተሻገረው ቃታውን የሳበው እጅ የተመልካቹ የራሱ መሆኑ ነው፤ የመጀመሪያው ክፍል ዋጋም እዚያ ላይ ነበር።

በነፃነቱ ወገን በ2017 የወጣው «ብሬዝ ኦቭ ዘ ዋይልድ» ትልቅ ምዕራፍ ነው። ኒንቴንዶ የቀድሞዎቹ የዜልዳ ጌሞች ተጫዋቹን እጁን ይዘው ይመራሉ የሚለውን ወቀሳ ሰምቶ ወደ 1986ቱ ሐሳብ ተመለሰ። ሊንክ የተባለው ጀግና ማንኛውንም ገደል ማለት ይቻላል ይወጣል፣ ሣር ያቃጥላል፤ መብረቅ ሲያጉረመርም የብረት ሰይፉን ካላወለቀ ይመታል። መግቢያውን የጨረሰ ተጫዋች ከፈለገ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ጠላት መሄድ ይችላል። ታሪኩ በሀገሩ ላይ በተበተኑ ትዝታዎች ስለተቀመጠ እያንዳንዱ በራሱ ቅደም ተከተል ያገኘዋል። ዋጋም ተከፍሎበታል፤ በቅደም ተከተል ሊነገር የማይችል ታሪክ ወደ ላይ መውጣትና መክረር ስለማይችል ብዙ የዜልዳ ወዳጆች ትረካው ሳስቷል ብለዋል።

ሁለቱን በአንድ ለማስኬድ የተደረገው ትልቁ ሙከራ በ2023 የወጣው «ባልደርስ ጌት 3» ነው። ተጫዋቹ ብዙውን ችግር በፈለገው መንገድ፣ በንግግር፣ በስርቆት ወይም በውጊያ ይፈታል፤ ለእያንዳንዱ መንገድም የተዋናይ ድምፅና እንቅስቃሴ ያለው ትዕይንት ተዘጋጅቷል። ላሪያን የተባለው የቤልጂግ ኩባንያ የትዕይንቶቹ ርዝመት ከ170 ሰዓት በላይ መሆኑን ገልጿል፤ አንድ ተጫዋች ግን በአንድ ዙር የሚያየው ከፊሉን ብቻ ነው። ይህን ለመሥራት ስድስት ዓመት ያህልና ከ400 በላይ ሠራተኛ ፈጅቷል። ምስል የማስቀመጫ ቦታ ዛሬ ችግር አይደለም። ላይታይ የሚችል ትዕይንት እየሳሉ መክፈል የሚችል ኩባንያ ግን ጥቂት ነው።