የሌሊቱ ተራ የማን ነበር?

አዘጋጃችን ለገና እትም የሰጠኝ ትእዛዝ አጭር ነው፦ «ስለ ላሊበላ ጻፍ፤ አስራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ግን ደግመህ እንዳትቆጥርልን።» ይሁን፣ አልቆጥርም። እኔንም ለብዙ ጊዜ ሲያስገርመኝ የኖረው ቀኑ ሳይሆን ማታው ነው።

አስጎብኚዎች ለእንግዳ የሚያዘጋጁት የላሊበላ ማታ በየትኛውም ወር ያው ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቤተ ጊዮርጊስ ጫፍ ላይ ይቆማሉ፤ ቀዩ ድንጋይ በዚያ ሰዓት የጋለ ብረት ይመስላል። ሲመሽ ጠጅ ቤት ይገባል፣ ማሲንቆ ይመታል፣ ትከሻ ይንቀጠቀጣል፣ ብርሌ ይነሣል። ከዚያ ዶሮ ወጥና በያይነቱ በመሶብ ይቀርባል። መቅደስ፣ ጭፈራና እራት በአንድ ምሽት ተጠቅልለው ያልቃሉ። አስጎብኚው ደግሞ ለመሸት ያለ ጊዜ ያስቀመጣት አንዲት ታሪክ አለችው፦ ቀን ቀን ሰው ይጠርብ ነበር፤ ሲመሽ ሰው መሣሪያውን አስቀምጦ ሲሄድ መላእክት ይረከቡታል፤ በማግስቱ ሠራተኛው ሲመለስ ትቶት ከሄደው በላይ ተሠርቶ ያገኘዋል። እንግዳው ፈገግ ይላል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ወደ ጠጁ ይሄዳል።

እኔ ግን ታሪኳ ላይ እቆማለሁ። ምክንያቱም «ሌሊት የሠራው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከአስጎብኚው ተረት አልፎ አምስት መቶ ዓመት ሲያከራክር የኖረ ጉዳይ ነውና።

የታወቀውን ቶሎ እንለፈው። ዛጔዎች መናገሻቸውን በላስታ አደረጉ፤ ቦታዋም አደፋ ወይም ሮሃ ትባል ነበር። ንጉሥ ላሊበላ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ነገሠ፤ ከተማዋም በኋላ ስሙን ወረሰች። አብያተ ክርስቲያናቱ ዮርዳኖስ ከሚባለው የከተማዋ ወንዝ ወዲህና ወዲያ በሁለት ወገን ተከፍለው ቆመዋል፤ ቤተ ጊዮርጊስ ብቻውን ራቅ ብሎ ይገኛል። በ1970 ዓ.ም. መጨረሻ ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገቡን ሲከፍት ከጻፋቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች አንዱ ላሊበላ ነበር። ሌላው ከየመማሪያ መጽሐፉ ይገኛል።

ገድለ ላሊበላን ያነበበ ሰው ግን የሥራው መነሻ ራሱ አንድ ዋንጫ መሆኑን ያስተውላል። ላሊበላ ሲወለድ ንብ ከበበው፤ እናቱም ንብ ንግሥናውን ዐወቀች ብላ ስሙን አወጣች። ይህን የሰማ ወንድሙ ሐርቤ ዙፋኑን ፈራ። እኅቱም መርዝ ያለበት መጠጥ አቀረበችለት። አስቀድሞ የቀመሰው ዲያቆኑ ወድቆ ሞተ። ላሊበላ ግን ለእኔ ብሎ የሞተውን ትቼ እንዴት እኖራለሁ ብሎ የቀረውን ጨለጠው። ሦስት ቀን ተኛ፤ በእነዚያ ቀናት መላእክት ወደ ሰማይ ወስደው ከአንድ ድንጋይ የሚፈለፈሉትን ቤተ መቅደሶች አሳዩት። እንግዲህ በዛሬው የማታ ፕሮግራም ከመቅደሱ ቀጥሎ ጽዋ ቢመጣ የላስታ ሰው የሚደነቅበት ነገር አይደለም፤ በገድሉ ከጽዋው ቀጥሎ ነው መቅደሱ የመጣው። ንብ በስሙ ለገባችበት ንጉሥ ከተማም ከጠጅ የተሻለ መጠጥ አይታሰብም። የላስታ ነጭ ማር ዝናው ያለ ምክንያት አልወጣም።

አሁን ወደ ክርክሩ። ሚያዝያ 1512 ዓ.ም. የፖርቱጋል መልእክተኞች ምጽዋ ወረዱ። መሪያቸው ዶም ሮድሪጎ ደ ሊማ፣ ቄሳቸው ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነበሩ። አልቫሬዝ ስድስት ዓመት በአገራችን ቆይቶ የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1540 ሊዝቦን ላይ ታተመ። ይህ ቄስ ላሊበላን በዓይኑ አይቶ ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ በሰፊው የጻፈ የመጀመሪያው አውሮፓዊ ነው። ስማቸውን ዘረዘረ፣ ዐምዶቻቸውን ቈጠረ፣ የንጉሡን መቃብር በጎልጎታ አየ። ከዚያ በድንገት ብዕሩን አስቀመጠ። ከዚህ በላይ ብጽፍ አያምኑኝም ብሎ ፈራ፤ የጻፈው እውነት ለመሆኑም በእግዚአብሔር ማለ። የዛሬ ጎብኚ ሺህ ፎቶ አንሥቶ የሚለውን እሱ በመሐላ ጨረሰው።

ስለ እነዚህ ፖርቱጋሎች ካነበብሁት ሁሉ ግን የምወደው ከላሊበላ ርቆ በአጼ ልብነ ድንግል ሰፈር የሆነውን አንድ ማታ ነው። ንጉሡ ከመጋረጃ ጀርባ ናቸው፤ ቃላቸው በመልእክተኛ ይመጣል። እንግዶቹ በልተዋል፣ ብዙ ጠጥተዋል። ከዚያ ንጉሡ በአገራችሁ ደንብ ዝፈኑ፣ ጨፍሩ አሏቸው። ፖርቱጋሎቹም ይዘውት በመጡት ባለ ቁልፍ መሣሪያ እየታገዙ ዘፈኑ፤ በባላገሩም በቤተ መንግሥቱም ወግ ጨፈሩ። እራትና ጭፈራ ያለው የእንግዳ ማታ በአገራችን ሲጀመር የሚጨፍረው እንግዳው፣ የሚመለከተው ባለቤቱ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ወንበሩ የተገላበጠው መቼ እንደሆነ አንባቢ ራሱ ይገምት።

አልቫሬዝ በላሊበላ የሰማውን ሲያወራ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጥሎ አለፈ፤ አምስት መቶ ዓመት ያጣላችን እሷ ናት። ካህናቱ እንደ ነገሩት ሥራው ሁሉ በ24 ዓመት አልቋል፤ የሠሩትም «ግቤታስ» ናቸው። ከዚያ አልቫሬዝ ራሱ ተረጐመው፦ ነጮች ማለት ነው። ለምን ቢባል፣ የአገሩ ሰዎች እንዲህ ያለ ጥሩ ሥራ እንደማያውቁ እነሱው ያውቃሉ አለ። ይህችን ይዘው ብዙዎች ሄደዋል። አንዱ ግብጻውያን ናቸው አለ፣ ሌላው ከኢየሩሳሌም የሸሹ ናቸው አለ። እንግሊዛዊው ግራሃም ሃንኮክ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ የመስቀል ጦረኞቹን ቴምፕላሮች እስከ ላስታ አመጣቸው። ዛሬም ከጎብኚዎች መካከል ስለ ቴምፕላሮች የሚጠይቅ አይጠፋም።

«ግቤታስ»ን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ «ግብጽ» ነው። ካህኑ ያለው ግብጻውያን ነው፤ ነጭ ያደረጋቸው ቄስ አልቫሬዝ ነው። ጳጳሱ ከእስክንድርያ ይመጣበት በነበረ አገር የግብጽ ስም ከመቅደስ ሥራ ጋር መነሣቱ አያስደንቅም። ጥቂት የግብጽ ባለ ሙያዎች መጥተው ረድተው ይሆናል፤ ያን አልክድም። «እኛማ እንዲህ ያለ ሥራ የት እናውቅ» የሚለው ንግግርም ለእኔ የትሕትና ወግ ነው የሚመስለኝ። የላስታ ሰው ለእንግዳ ቤቱን ሲያሳይ «ምን ቤት አለኝ» ማለቱን ያልለመደ ፈረንጅ ቃሉን እንዳለ ቢወስደው አይፈረድበትም። በቀላሉ አይቶ ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው ግን ቤተ አማኑኤል ፊት ይቁም። ግድግዳው አንዴ ወጣ አንዴ ገባ እያለ ይደረደራል። ያ ድርድር እንጨትና ድንጋይ እያፈራረቁ የሚገነቡበት የአክሱም ስልት ነው። እዚያ ግን እንጨትም ድርድርም የለም፤ አንድ ድንጋይ ብቻ ነው። ከአንድ ድንጋይ የሚፈለፍል ሰው ደግሞ የእንጨት ግድግዳ ለማስመሰል ምንም አያስገድደውም፤ ቤት ማለት እንዲህ ነው ብሎ ካላደገ በቀር። ከዚያው ከላስታ ተራራ ዋሻ ውስጥ የሚገኘው ይምርሐነ ክርስቶስ ከላሊበላ በፊት በእውነተኛ እንጨትና ድንጋይ በዚሁ ስልት ተሠርቶ ቆሟል። ከግንባታው ወደ ፍልፍሉ የሄደው እጅ ጎረቤት ነው እንጂ ባሕር አልተሻገረም።

እንግሊዛዊው የአርኪዮሎጂ ሊቅ ዴቪድ ፊሊፕሰን ደግሞ ከ24 ዓመቱ ጋር አይስማማም። እሱ እንደሚለው ቤተ መርቆሬዎስና ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ከላሊበላ በመቶዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ቀድመው ለሌላ አገልግሎት ሳይፈለፈሉ አይቀሩም። የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎችም የተቆፈረው ፍርስራሽ የት የት እንደ ተደፋ ተከትለው ሥራው በየዘመኑ እየጠለቀ መሄዱን አሳይተዋል። እንግዲህ ሌሊቱ ከታሰበው በላይ ረጅም ነበር። መላእክቱን አላስወጣም፤ ገድሉ የራሱ ዓለም አለው። ሰው ይውጣ ከተባለ ግን የላስታ ጠራቢ ሳይሆን ቴምፕላሩ ይውጣ።

ከአልቫሬዝ በኋላ ያለው ዘመን ለእንደኔ ያለ ጸሐፊ ደረቅ ነው። ግራኝ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1533 በቦታው ማለፉን የጦርነቱ ታሪክ ጸሐፊ መዝግቦታል። ጀርመናዊው ጌርሃርድ ሮልፍስ ከመቅደላ ዘመቻ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 መጥቶ አየ። ፈረንሳዊው ራፍሬይ ደግሞ ከአሥራ አምስት ዓመት ገደማ በኋላ ሥዕል ሣለ። ሁሉም ቀን ቀን ለክተው፣ ጽፈው፣ ሥለው ሄዱ። ማታ ማታ ካህናቱ ምን ይበሉ፣ ማን ማሲንቆ ይመታ እንደነበረ ከእነሱ የምናገኘው ነገር ጥቂት ነው። እዚህ ላይ ብዕሬ ቢያዘግም አንባቢ ይቅር ይበለኝ።

የዛሬው ማታ ባለቤት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ናቸው ቢባል ብዙም ስሕተት አይሆንም። በ1950ዎቹ የቱሪዝሙን ድርጅት ሲያቋቁሙ አክሱምን፣ ጎንደርን፣ ባሕር ዳርንና ላሊበላን በአንድ መንገድ አስተሳስረው «የ13 ወር ፀጋ» በሚል ስም ለዓለም ሸጧቸው። ልዕልት ሩት ደስታ ያቋቋሙት ሰባት ወይራ ሆቴልም እንግዳውን በላሊበላ አሳደረው። ማደር ማለት ደግሞ ማታ ማለት ነው። በአውሮፕላን ገብቶ አድሮ ለሚመለስ ሰው ማታውን የሚሞላ ነገር መፈለጉ አይቀርም። አዝማሪውም ጠጅ ቤቱም እዚያው ነበሩ፤ ቅደም ተከተሉን ብቻ አስተካከሉት።

በከተማው ስሙ የገነነው ቶርፒዶ ጠጅ ቤት ከፈረንጆች የጉዞ መጽሐፍ ሁሉ አይጠፋም። አዝማሪው «ተቀበል» ሲባል ይቀበላል፤ ከእንግዳው ጢም ይጀምርና ወደ ካሜራው፣ ከካሜራው ወደ ኪሱ ይወርዳል። እንግዳው ቃሉን አያውቅም፤ ቤቱ ሲስቅ ግን ይስቃል፣ ብርም ያወጣል። ትርጉሙን ብጠይቀው ደስ ይለው ነበር ወይ ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ።

ከዚህ ማታ የሚጎድለው አንድ ጭፈራ አለ፤ ትልቁ እሱ ነው። ጠጅ ቤቱ ሲዘጋ ማኅሌቱ ይጀመራል። መቋሚያ ይደገፋሉ፣ ጸናጽል ይንሿሿል፣ ከበሮው ቀስ ብሎ ይነሣና እየበረታ ይሄዳል። ወረቡ ሲደርስ ሽበት ያላቸው መሪጌቶች እንደ ልጅ ይሸበሽባሉ። የገና ለት ደግሞ፣ የንጉሡ ልደትም ስለሆነ፣ ቤተ ማርያም ላይ ቤዛ ኩሉ ይባላል። ካህናቱ ለሁለት ይከፈላሉ፤ አንዱ ወገን በገደሉ ጫፍ ዙሪያውን ይቆማል፣ ሌላው ታች በግቢው ይሰለፋል። ላይ ያሉት ይጀምራሉ፣ ታች ያሉት ይመልሳሉ።

ባለፉት ዓመታት የማታው ፕሮግራም ቀጠሮ ያዥ ከድሮው አንሷል። ወረርሽኙ፣ ከዚያም ጦርነቱ የእንግዳውን ወንበር ባዶ አድርጎታል። በ2014 ዓ.ም. ከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፋ ወር ሳይሞላ ግን ገናው ደረሰ፤ በእግሩ የመጣው ምዕመን ያንን ገደል ሞላው። በቤዛ ኩሉ ሥርዐት፣ ላይ ያሉት የመላእክት፣ ታች ያሉት የሰው ወገን ናቸው ይባላል። ቀና ብላችሁ ላይ ያሉትን ብታዩ ግን የላስታ ቄሶች ናቸው፤ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ድምፃቸው የጎረነነ።