አካል የሌለው ድምፅ

ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር የአዋሽን በረሓ ተሻግሮ፥ በመተሐራና በወለንጪቲ፥ በአዳማና በሞጆ አድርጎ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ለአልፍሬድ ኢልግና ለሌዎን ሸፍኔ ፈቃዱ ከተሰጠበት ከ1886 ዓ.ም. ጀምሮ 23 ዓመት አልፎ ነበር፤ የሐዲዱም ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ። የኩባንያውን ክርክርና የመንግሥታቱን ውል የታሪክ ጸሓፊዎች በሰፊው መርምረውታል። በስምጥ ሸለቆ የሚኖረው ሰው ያን ብረት በልቡ እንዴት እንደ ተቀበለው ግን የተጻፈው ጥቂት ነው፤ ይኸውም ከውሉ የማያንስ ታሪክ ነው።

የባቡሩን ጩኸት ሰው የሚሰማው ብረቱን ከማየቱ አስቀድሞ ነው። አገሩ ሜዳ ስለ ሆነ ድምፁ ከሩቅ ይመጣል። ድምፅ ሁሉ ባለቤት አለው ብሎ ያደገ ሰው ደግሞ ለዚህም ባለቤት ሳይፈልግለት አይቀርም። እንዲህ ያለው ነገር ከባቡሩ ቀድሞ በቤተ መንግሥት ደርሶ ነበር። ራስ መኮንን በ1882 ዓ.ም. ግድም ከኢጣልያ ሲመለሱ ስልክ ይዘው መጡ፤ ዐፄ ምኒልክም በግቢያቸው አስተከሉት። ካህናቱ ሰው በሌለበት የሰውን ድምፅ በሰሙ ጊዜ፥ ይህ የሰይጣን ሥራ ነውና ይሰበር ብለው እንደ ለመኑ ሲተረክ ኖሯል። ንጉሡ ግን አላሰበሩትም።

ይህ ወሬ ዛሬ በከተማ የሚነገረው ለሣቅ ነው። ሣቁ ግን የተገባ አይደለም። ካህናቱ ከመጻሕፍት የሚያውቁት አካል የሌለው ድምፅ ወይ የመልአክ ወይ የጋኔን ነው፤ ስለዚህ የጠየቁት የሚናገረው ማን ነው የሚለውን ነው። መልሱን ሳቱት፤ ጥያቄውን ግን አልሳቱም። ከእነርሱ 76 ዓመት ያህል በኋላ፥ በ1958 ዓ.ም.፥ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ያስተምር የነበረው ጆሴፍ ዋይዘንባም ኤላይዛ የሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠርቶ ነበር። ፕሮግራሙ ሰው የጻፈለትን ቃል እየገለበጠ፥ እንደ አእምሮ ሐኪም በጥያቄ ይመልስ ነበር እንጂ አንዳች ነገር አያስተውልም። የዋይዘንባም ጸሓፊ እርሱ ሲሠራው ለወራት ያየች ሴት ነበረች፤ ሆኖም ጥቂት ቃል ከኮምፒውተሩ ጋራ እንደ ተለዋወጠች እባክህ ከክፍሉ ውጣልኝ አለችው። ምሥጢሯን ለብረት ስትነግር ሌላ ሰው እንዲሰማት አልወደደችም። ዋይዘንባም በነገሩ ደንግጦ በ1968 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ጻፈው። እንግዲህ ካህናቱ ከማይታወቅ ድምፅ ሸሹ፤ እርሷ ግን አሠራሩን በዐይኗ እያየች ቀረበችው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚያስቅ አንባቢ ይፍረድ።

በሸለቆው ከተሞች ፍርሃቱ ወደ ልማድ የተለወጠው ቀስ እያለ ነው። በመጀመሪያው ዘመን ባቡሩ በሌሊት አይሄድም ነበርና መንገዱ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ መንገደኛውም በድሬዳዋና በአዋሽ ያድር ነበር። ቀን የሚደክምና ሌሊት የሚያርፍ ነገር ለገበሬም ለነጋዴም የባዕድ ነገር አይመስልም፤ በቅሎም እንዲሁ ናት። አዳማ በጣቢያዋ ዙሪያ አደገች፤ ገበያዋም ሆቴሏም የባቡሩን መምጣትና መሄድ የሚጠብቅ ሆነ። በአዲስ አበባም ሕዝቡ የመጀመሪያውን የሲኒማ አዳራሽ ሰይጣን ቤት ብሎ ሰየመው፤ ይህን ብሎም ገባበት።

ታላቁ መከራ የመጣው በፍርሃቱ ዘመን አይደለም። በጥር 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አጠገብ ባቡሩ ጥምዝ ላይ ባለው ድልድይ በፍጥነት ሲያልፍ ከሐዲዱ ወጥቶ ወደቀ፤ ከ400 የሚበልጥ ሰውም ሞተ። ያን ቀን የተሳፈሩት ሰዎች አያቶቻቸው የፈሩትን ብረት የማይፈሩ ነበሩ። እምነታቸው ገደላቸው ማለት ሐሰት ነው፤ ተሳፋሪ የባቡሩን ፍጥነት አይወስንምና። ነገር ግን ልማድ የሰውን ጥያቄ እንደሚያስተኛው ከዚህ ይታያል፤ የሚነዳው ማን ነው? በምን ፍጥነት? ብሎ የሚጠይቅ መንገደኛ አይገኝም። ከመከራው በኋላም ሕዝቡ ባቡሩን አልተወውም፤ ሌላ መንገድ ያልነበረው ብዙ ነበረና።

በ2000 ዓ.ም. ገደማ ግን ባቡሩ ራሱ ሕዝቡን ተወው። ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው አገልግሎት ቆመ፤ የአዳማም ጣቢያ በከተማይቱ መካከል ዝም አለ። በ2006 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ተከፈተ። በዚህ መሥመር የሚመላለሰውን አንድ ዐይነት ሚኒባስ ሕዝቡ አባዱላ ይለዋል፤ ይህም በኦሮምኛ የጦር አዝማች ማዕረግ ነው። ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው መባላቸው ከፈረሳቸው ነው፤ በዚያ ዘመን ሰው በሚቀመጥበት እንስሳ ስም ይጠራ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ መኪናው በሰው ማዕረግ ይጠራል። ስም የተሰጠው ነገር እንደ ጎረቤት ይቈጠራል፤ ሲበላሽ ይታዘንለታል፥ ሲዘገይም ይሰደባል።

በኅዳር 2015 ዓ.ም. በአሜሪካ ቻትጂፒቲ የሚባለው ፕሮግራም ለሕዝብ ከተከፈተ ወዲህ በአማርኛም የሚመልስ ኮምፒውተር ተገኝቷል። በአዳማ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በዚያ ያለ ተማሪ ይህ መልስ በምን ስሌት እንደሚወጣ ሊማር ይችላል። ቢማርም አመሰግናለሁ ብሎ ሊጽፍለት ይችላል፤ የዋይዘንባምም ጸሓፊ ማሽኑ ምን እንደ ሆነ ታውቅ ነበር። የሚናገረው ማን ነው የሚለው የካህናቱ ጥያቄ ለዚህ ተማሪ ከቀድሞው ይልቅ ከብዷል፤ ስልኩ ቢያንስ በሌላው ጫፍ ሰው ነበረበት።

በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው። ጣቢያው ከአዳማ ከተማ ወጣ ያለ ስለ ሆነ መንገደኛው ወደ እርሱ ለመድረስ ባጃጅ ወይም መኪና ይይዛል። ባቡር የሚለው ቃል ከፈረንጆች የእንፋሎት ስም ተወስዶ በዐረብኛ በኩል ወደ እኛ የገባ ነው፤ ከዚያ ለመርከቡም ለወፍጮውም ስም ሆነ። አዲሱ ብረት እንፋሎት የለውም፤ ጢስም የለውም፤ ሕዝቡ ግን ያንኑ የድሮውን ስም ሰጥቶት ባቡር ይለዋል።