ከጣና ዙሪያ የተለኩ ማዕዘኖች

ከባሕር ዳር ጎንደር በመኪና የሚሄድ ሰው ሐይቁን በምሥራቅ በኩል ይዞ፣ በወረታና በአዲስ ዘመን አድርጎ ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። በቀጥታ መስመር ቢለካ ግን ርቀቱ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አቅጣጫውም ከሰሜን ወደ ምሥራቅ ዘንበል የሚለው አራት ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ነው። ተማሪዎች ፖላር ኮኦርዲኔት የሚሉት ይህንኑ ነው፦ አንድ መነሻ ነጥብ፣ ከእሱ ያለው ርቀት፣ የሚዞሩበት ማዕዘን።

ብዙ ተማሪ የሚደናገረው ማዕዘኑ ከየት ይቆጠራል በሚለው ነው። ቀያሹ ከሰሜን ተነስቶ ወደ ምሥራቅ ይቆጥራል፤ የሂሳብ መምህሩ ከምሥራቅ ተነስቶ ወደ ሰሜን። ስለዚህ ያችው ጎንደር ለመምህሩ 85 ዲግሪ ተኩል ላይ ናት። እሱ ርቀቱን በዚህ ማዕዘን ኮሳይን ሲያባዛው፣ ጎንደር ከባሕር ዳር ወደ ምሥራቅ የምትርቀው 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ መሆኑን ያገኛል።

ቦታን በማዕዘን ሳይሆን በቀጥታ መስመሮች የሚወስነውን ጂኦሜትሪውን ዴካርት ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1637 ነው፤ ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን ቆረቆሩ ከሚባልበት ዘመን ጋር ይገጥማል። ያዕቆብ በርኑሊ በርቀትና በማዕዘን ስለመሥራት በ1691 ሲጽፍ ደግሞ በጎንደር ዙፋን ላይ ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ነበሩ።

ሐሳቡን በዓይን ማየት የሚፈልግ ወደ ዘጌ ይሻገር። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ናት፤ ቅኔ ማሕሌቱና ቅድስቱ እንደ ቀለበት መቅደሱን ይዞራሉ። ክብ ግድግዳ ላይ በየትኛውም ማዕዘን ቢቆሙ ከመሀል ያለው ርቀት ያው ነው፤ በፖላር አንድ ቁጥር ይበቃዋል። መሀል ላይ ያለው መቅደስ ግን አራት ማዕዘን ነው። እሱን በፖላር ልጻፍ ያለ ሰው ይለፋል፤ የዴካርት መስመሮች የሚቀሉት እዚያ ነው።

በዚህ አገር ማዕዘንን የሙጥኝ ያለው ሰው አንቷን ዳባዲ ነው። ደብሊን የተወለደው ይህ ፈረንሳዊ ከ1838 እስከ 1848 ድረስ በአገራችን ቆይቷል። ወንድሙ አርኖ በጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ ዘንድ ባለሟል ሲሆን፣ እሱ ማዕዘን መለኪያ መሣሪያውን፣ ቴዎዶላይቱን ይዞ ከተራራ ተራራ ይወጣ ነበር። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆሞ አድማሱን ሙሉ ይዞራል፤ የሚታየውን ጫፍ ሁሉ ስሙን እየጠየቀ ማዕዘኑን ይመዘግባል። ርቀትን በገመድ መለካት በዚያ ገደልና ሸለቆ አይታሰብም። ያንኑ ጫፍ ከሌላ ተራራ ላይ ሆኖ ዳግም ያነጣጥረዋል፤ ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ ርቀቱን ይሰጠዋል። ከፖላር ሁለት ቁጥሮች አንዱን በመሣሪያው፣ ሌላውን በስሌት ያገኝ ነበር ማለት ነው።

አደጋው ርቀት ነው። የጣና ርዝመት 84 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሲያነጣጥሩ አንድ ዲግሪ ቢሳሳቱ ውጤቱ በአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ይስታል። እዚያው አንድ ኪሎ ሜትር ላይ ላለ ዛፍ ግን ያው ስሕተት 17 ሜትር ብቻ ነው። ዳባዲ አንዱን ጫፍ ከብዙ ቦታ ደጋግሞ ያየው ለዚህ ነው።

ስሌቱ በአገሩ ዓመታት ፈጀ፤ ሮዶልፍ ራዶ የሚባል የሥነ ፈለክ ሰው እያረመለት፣ የኢትዮጵያ ጂኦዴሲ የተባለው መጽሐፉ ከ1860 እስከ 1873 በፓሪስ ታተመ። እኔን የሚገርመኝ ካርታው አይደለም። በየጣቢያው ያነበባቸውን ማዕዘኖች አብሮ በማሳተሙ፣ ያልተስማማው ሰው ዛሬም ቁጭ ብሎ ስሌቱን ከመጀመሪያው ሊሠራው ይችላል።