የመኪና ማደሪያ አድራሻ

«ጋራዢንግ አድሬስ» በአሜሪካ የመኪና ኢንሹራንስ ውል ላይ የሚሰፍር ቃል ሲሆን፣ መኪናው አዘውትሮ የሚያድርበትን ቦታ ያመለክታል። በአማርኛ «የመኪና ማደሪያ አድራሻ» ማለት ይቻላል። «የጋራዥ አድራሻ» ቢባል ያሳስታል፤ በአማርኛ ጋራዥ መኪና የሚጠገንበት እንጂ የሚያድርበት አይደለምና። ይህ አድራሻ ከባለቤቱ የፖስታ አድራሻም ሆነ በመንጃ ፈቃዱ ላይ ካለው ሊለይ ይችላል።

አረቦን የሚተመነው በሾፌሩ ታሪክና በመኪናው ዓይነት ብቻ አይደለም። በአካባቢው ስርቆትና ግጭት ምን ያህል እንደሚበዛ፣ የጥገናና የሕክምና ወጪው ስንት እንደሆነ ይታያል። ስለዚህ ሰፈር መቀየር ብቻውን ክፍያውን ሊጨምረው ወይም ሊቀንሰው ይችላል። ካሊፎርኒያ በ1988 በሕዝብ ድምፅ ባጸደቀችው ሕግ ግን የአነዳድ ታሪክ፣ በዓመት የሚነዳው ርቀትና የልምድ ዘመን ከሰፈር ይቀድማሉ።

ጉዳዩ ጎልቶ የሚወጣው ልጅ መኪና ይዞ ኮሌጅ ሲገባ ነው። ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሚኖሩባት ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ከ200 ማይል በላይ ርቃ ወደምትገኘው ብላክስበርግ፣ ቨርጂኒያ የሄደ ተማሪን መውሰድ ይቻላል። ዶርም የሚኖር ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ቤተሰብ አባል ስለሚቆጠር በወላጆቹ ውል ውስጥ ይቆያል፤ መኪናው በእሱ ስም ብቻ ከሆነ ግን የራሱን ውል ሊጠየቅ ይችላል። ያም ሆነ ይህ የመኪናው ማደሪያ ተለውጧል፤ ኩባንያውም ይህን ማወቅ አለበት። ብላክስበርግ ትንሽ ከተማ በመሆኗ ክፍያው ሊቀንስም ይችላል፤ ተማሪው የሄደው ብሩክሊን ቢሆን ኖሮ መጨመሩ አይቀርም ነበር።

የግዛቶቹ ዝቅተኛ ሽፋንም ይለያያል። ሜሪላንድ ለአንድ ሰው ጉዳት 30,000፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱት ሁሉ 60,000፣ ለንብረት 15,000 ዶላር ትጠይቃለች፤ ቨርጂኒያ ከ2025 ጀምሮ 50,000፣ 100,000 እና 25,000። ብዙዎቹ ውሎች ከግዛት ውጭ አደጋ ሲደርስ ሽፋኑን ወደዚያ ግዛት መጠን ከፍ የሚያደርግ አንቀጽ አላቸው፤ ይህ ግን አድራሻን ከማሳወቅ ነፃ አያደርግም።

አድራሻን መደበቅ አደገኛ ነው። መኪናው ሲሰረቅ ወይም ሲጋጭ ኩባንያው ያጣራል፤ መስታወቱ ላይ የተለጠፈው የዩኒቨርሲቲ ፓርኪንግ ፈቃድ ብቻውን እውነቱን ይናገራል። ያኔ ልዩነቱን ማስከፈል፣ ካሳውን መከልከል፣ ውሉንም ማፍረስ ሊከተል ይችላል። በወር ጥቂት ዶላር ለማትረፍ ሲባል ቤተሰብ ይህን ዕዳ መሸከም የለበትም።

ቅናሾቹም መታየት አለባቸው። «የሩቅ ተማሪ ቅናሽ» የሚሰጠው በተለምዶ ከ100 ማይል በላይ ርቆ፣ መኪና ሳይዝ ለሚማር ነው፤ መኪናውን ሲወስድ ይቀራል። አማካይ ውጤቱ ቢ ወይም 3.0 እና ከዚያ በላይ የሆነ ተማሪ የሚያገኘው ቅናሽ ግን የትም ቢሄድ አብሮት ይሄዳል፤ ትራንስክሪፕቱን መላክ ነው።

ለጓደኛ ቁልፍ መስጠትም ቀላል ነገር አይደለም። ሽፋኑ በአብዛኛው የሚከተለው መኪናውን በመሆኑ፣ ጓደኛው ቢጋጭ የሚነካው የቤተሰቡ ውል ነው፤ አዘውትሮ የሚነዳ ከሆነ ስሙ ውሉ ላይ መግባት አለበት። ከመኪናው ውስጥ የተሰረቀ ላፕቶፕን ደግሞ የመኪና ኢንሹራንስ አይከፍልም፤ ያ የቤት ወይም የተከራይ ኢንሹራንስ ጉዳይ ነው።

አድራሻ ለማስለወጥ ወደ ወኪሉ አንድ ስልክ ይበቃል፤ ስልኩ መደወል ያለበት መኪናው ከቤት ከመነሳቱ በፊት ነው።