መንገድና ባልንጀራ፦ የባለጎማ ጫማ ታሪክ

በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲጓዙ፣ ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ በመንኮራኩር አስጎትተው ነበር። መድፉ የተሠራው ለከተማችን ቅርብ በሆነችው በጋፋት ሲሆን ክብደቱ 7 ቶን ገደማ እንደሚሆን ይነገራል። ከሠሩት ሰዎች መካከል በስዊዘርላንድ ከሚገኘው የክሪሾና ሚሲዮን የመጡ ወንጌላውያን ባለሙያዎች ይገኙበታል። ወንጌል ይዘው መጡ፤ ንጉሡ ደግሞ መድፍ ጠየቋቸው። ያ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ዛሬ የማነሣው ግን መድፉን ሳይሆን መንኮራኩሩን ነው። መቅደላ ለመድረስ ከአምስት ወር በላይ ፈጅቷል፤ መንኮራኩር ያለ መንገድ አይሄድምና። ሰው ሁሉ ድንጋይ ፈነቀለ፣ ገደል ደለደለ፤ ንጉሡም ራሳቸው ወርደው በእጃቸው ይሠሩ ነበር።

ይህን ታሪክ ያስታወሰኝ ዛሬ ወጣቶች በእግራቸው የሚያስሩት ትንሽ መንኮራኩር ነው። ባለጎማ ጫማም እንደ ሴባስቶፖል ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ መንገድና አብሮ የሚገፋ ሰው። ታሪኩን ከመጀመሪያው ብናየው ይህ ግልጽ ይሆናል።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጆን ጆሴፍ መርሊን የሚባል፣ በዛሬዋ ቤልጂየም የተወለደ የእጅ ባለሙያ ለንደን ውስጥ ይኖር ነበር። በጫማው ሥር ጎማ ገጠመና በአንድ ትልቅ ግብዣ ላይ ቫዮሊን እየተጫወተ ወደ አዳራሹ ገባ። ታሪኩ እንደሚተረከው ማቆሚያም መዞሪያም ስላልነበረው ከውድ መስተዋት ጋር ተጋጨ፤ መስተዋቱም ቫዮሊኑም ተሰበሩ፤ እሱም ክፉኛ ቆሰለ። ብልሃቱ ድንቅ ነበር፤ ነገር ግን ያስተማረው አልነበረም፤ ከፊቱ ወድቆ መንገዱን ያሳየውም የለም።

እ.ኤ.አ. በ1819 ፔቲብሌድ የተባለ ፈረንሳዊ በአንድ መስመር የተደረደሩ ጎማዎች ያሉት ጫማ ፓሪስ ላይ አስመዘገበ። እሱም ቢሆን መዞር ያስቸግር ነበር። በ1863 አሜሪካዊው ጄምስ ፕሊምተን አራት ጎማ ሁለት ከፊት ሁለት ከኋላ አድርጎ፣ ሰውነትን በማዘንበል ብቻ የሚዞር ጫማ ሠራ። ፕሊምተን ጫማ ሠርቶ አላበቃም፤ ሰዎች ተሰብስበው የሚንሸራተቱበትንም ቦታ ከፈተ። ጨዋታው የተስፋፋው ሰዎች አብረው የሚማሩበት ቦታ ካገኘ በኋላ ነው። ዘመኑ ጋፋት ላይ ብረት የሚቀጠቀጥበት ጊዜ ነበር።

በአንድ መስመር የተደረደረው ጎማ ለረጅም ጊዜ ተረሳ። እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ በሚኒሶታ የሚኖሩ ስኮትና ብሬናን ኦልሰን የተባሉ ወንድማማቾች አንድ አሮጌ ጫማ አገኙ። የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ስለነበሩ በበጋ በአስፋልት ላይ ለመለማመድ አሻሻሉት። ሮለርብሌድ የተባለው ከዚህ ተነሣ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ወጣቶች ቀጥታ መሄድ አልበቃቸውም። ደረጃ መዝለል፣ በብረት መደገፊያ ላይ መንሸራተት፣ ከተጠማዘዘ ግድግዳ ላይ ወደ አየር መውጣት ጀመሩ። ለዚህም ጫማው ተለወጠ፦ ጎማው አነሰ፣ ጠነከረም፤ ፍሬኑ ወለቀ፤ በመካከለኞቹ ጎማዎች መሐል ብረቱ የሚያልፍበት ክፍተት ተተወ፤ በጎንም ለመንሸራተቻ ጠንካራ ፕላስቲክ ተጨመረ። አግረሲቭ ኢንላይን ስኬቲንግ የሚባለው ይህ ነው። ከጀማሪዎቹ ስመ ጥር የሆነው ክሪስ ኤድዋርድስ ክርስቲያን መሆኑን በግልጽ የሚናገር ወጣት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1995 ኤክስ ጌምስ የተባለው ታላቅ ውድድር ሲጀመር ይህ ስፖርት በቴሌቪዥን ታየ፤ ገንዘብና ዝናም ተከተለው። በኋላ ግን ከውድድሩ ወጣ። ካሜራው ዞረ፣ ድርጅቶች እጃቸውን ሰበሰቡ፣ ብዙዎች ጫማቸውን ሰቀሉ። የቀሩት ጥቂቶች ምን አደረጉ? እርስ በርስ ተፈላለጉ። አንዱ ሲዘል ሌላው ቀረጸ፤ ጎማና ጫማ የሚሠሩ ትንንሽ ድርጅቶችን ራሳቸው አቋቋሙ። ዊንተርክላሽ በተባለው የአውሮፓ ውድድር ከየአገሩ እየመጡ መገናኘት ለመዱ። ስፖርቱን ያቆየው ያ ጥቂት ሕዝብ ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ አዲስ አበባ ላይ ባለጎማ ጫማ ያደረጉ ልጆችን መስቀል አደባባይ አካባቢ ማየት የተለመደ ነው። ኅዳር 2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» መኪና ለጥቂት ሰዓት ሲያስቆም አስፋልቱ ለእነርሱ ሆነ። የቦርድ ተንሸራታቾችም አሉ፤ «ኢትዮጵያ ስኬት» የተባለው ስብስብ ከውጭ አገር በጎ ፈቃደኞች ጋር ሆኖ ሚያዝያ 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መጫወቻ ሜዳ አስከፍቷል። ሲሚንቶውን ያፈሰሱት ራሳቸው ልጆቹም ጭምር ናቸው። በኋላም ሴቶች ልጆች የራሳቸውን ስብስብ መሠረቱ፤ ለብቻ ሲሆኑ የሚያፍሩት አብረው ሲሆኑ ስለደፈሩ ነው።

እኛ ጋስ? አንድ ልጅ ከአዲስ አበባ እንዲህ ያለ ጫማ ይዞ ደብረ ታቦር ቢመጣ ኮብልስቶኑ ትንሹን ጠንካራ ጎማ አያስኬደውም። አስፋልቱ ቁልቁለት ነው፤ ባጃጁም አለ። ከሁሉ የሚከብደው ግን ብቻውን መሆኑ ነው። ሲወድቅ የሚስቅ እንጂ እጁን የሚዘረጋለት ካላገኘ በሁለት ሳምንት ጫማውን አልጋ ሥር ይጥለዋል። ሰባኪው በመጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 4 ብቻውን ሆኖ ስለሚወድቅ ሰው ያዘነው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

በጉና ዙሪያ የምንኖር ወንጌላውያን ወጣቶች ጥቂት መሆን ምን እንደሆነ እናውቃለን። በክፍላችን አንድ፣ በሰፈራችን ሁለት ሆነን አድገናል፤ ያጸናንም ኅብረቱ ነው። እንግዲህ ያን ልጅ ከማንም በላይ ልንረዳው የሚገባን እኛ ነን፤ ምእመን ቢሆንም ባይሆንም። ጫማው አንድ ከሆነ በተራ ይደረጋል። የራስ ቁርና የጉልበት መከላከያ አስቀድሞ ይፈለጋል፤ ልምምዱም ከመኪና መንገድ ርቆ፣ ለጥ ባለ ሲሚንቶ ላይ ይጀመራል። ሰፋ ያለ ግቢ ያላቸው አባቶችና እናቶችም «ይህ የዱርዬ ጨዋታ ነው» ከማለታቸው በፊት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሩን ቢከፍቱልን፣ እኛም ጠርገን ብናስረክባቸው መልካም ነው።

ያን ከባድ መድፍ ከጋፋት ያንቀሳቀሰው ድንጋይ የፈነቀለ ሰው ሁሉ ነው። እኛ ዘንድ የሚጠበቀው ድንጋይ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ ለአንድ ልጅ «ነገም ና» ማለት።