የስንዴው እርከን

በወሎ ተራሮች ላይ ከአፋፉ እስከ ሸለቆው የተደረደሩ የድንጋይ ካቦች ይታያሉ፡፡ አንዳንዱ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ሌላው ፈርሶ ድንጋዩ ብቻ ተበትኗል፡፡ የቆመውም የፈረሰውም የመንግሥትና የተራራው ገበሬ የረጅም ጊዜ ክርክር ምስክር ነው፡፡

ነገሩ የገነነው ከ1965–66ቱ የወሎ ረኀብ በኋላ ነው፡፡ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ በእርሱ የቆሙት የገበሬ ማኅበራትም ለዘመቻ ሥራ ጉልበት አሰባሳቢ ሆኑ፡፡ የዓለም የምግብ ፕሮግራም እህል ያቀርባል፤ ግብርና ሚኒስቴር ቀያሽ ይልካል፤ ገበሬው ድንጋይ ይሸከማል፡፡ የቀኑ ዋጋ 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ነበር፡፡ በዚህ መልክ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር እርከን ተሠራ፡፡

ሥጋቱ እውነተኛ ነበር፡፡ ከበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በ1970ዎቹ የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር በወሎ ማይባር፣ በሸዋ አንዲት ጥድ፣ በጎጃም አንጀኒ ጣቢያ ተክሎ ጎርፍ የሚወስደውን አፈር መዘነ፡፡ ሐንስ ሁርኒ የተባሉት ተመራማሪ፣ ከታረሰ አንድ ሄክታር በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገመቱ፡፡

ይሁን እንጂ ገበሬውም የራሱ ስሌት ነበረው፡፡ እርከን ከጠባብ ማሳው ላይ ቦታ ይወስዳል፤ በሬ ማዞሪያ ያሳጣል፤ ካቡ የአይጥ መሸሸጊያ ይሆናል፤ ዝናብ በሚበዛበት አገር ደግሞ ውኃ አቁሮ ሰብል ያበሰብሳል፡፡ የተከለለው ተራራ ትናንት የከብቱ ግጦሽ ነበር፤ የተተከለው ዛፍ ነገ የማን እንደሚሆን ግን የነገረው የለም፡፡ በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ፣ በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ፣ በብዙ ስፍራ ደኑ ተመነጠረ፤ እርከኑም ፈረሰ፡፡ ይህን ድንቁርና ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው፡፡ ገበሬው ስንዴውን በልቷል፤ እርከኑን ግን የእኔ ነው ብሎ አያውቅም ነበርና፡፡

ለዚህ ማነጻጸሪያው እዚሁ አገር አለ፡፡ የኮንሶ ሕዝብ ቀያሽም ስንዴም ሳይላክለት ከ400 ዓመታት በላይ ድንጋይ ሲክብ፣ የፈረሰውንም ሲጠግን ኖሯል፡፡ ዩኔስኮ መልክዐ ምድሩን በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዘገበው፡፡

በኋላ የመጡት መርሐ ግብሮች ከዚህ ጥቂት ተምረዋል፡፡ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ጉልበት ያለውን በሥራ፣ አረጋዊውንና አቅመ ደካማውን ያለ ሥራ ረዳ፡፡ በ1990ዎቹ መሬቱ እየተመዘገበ ለገበሬው የይዞታ ደብተር ይሰጠው ጀመር፡፡ ሆኖም በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የገበሬው የመጠቀም መብት ብቻ ነው፡፡ ስለዚህ ጥያቄው አልተዘጋም፡፡ በክረምት ማለዳ፣ ተቆጣጣሪ በሌለበት፣ ከካቡ የወደቀችውን ድንጋይ አንሥቶ የሚመልሳት ማን ነው? ስለ ምንስ ብሎ?