ከሙቀጫ እስከ ጀበና፤ በአምራቹ ቤት የሚፈላው ቡና

የቡና ታሪክ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ወጪ ንግዱ ነው። ስንት ቶን ተላከ፣ ስንት ዶላር ተገኘ፣ የኒውዮርክ ዋጋ ወጣ ወይስ ወረደ የሚለው በየሪፖርቱ ይቀርባል። ይሁን እንጂ አገሪቱ ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉ የሚጠጣው እዚሁ ነው። ይህን ቡና ለቅመው፣ አጥበው፣ ቆልተው፣ ወቅጠውና አፍልተው የሚያቀርቡት በአብዛኛው እናቶችና ልጃገረዶች ሲሆኑ፣ ስለ ሙያቸው የተጻፈው ግን ጥቂት ነው።

ቡናን ቆልቶ መውቀጥ ረጅም ዕድሜ ያለው ሥራ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ኦሮሞዎች የተቆላ ቡና ወቅጠው በቅቤ በመለወስና በማድቦልቦል ለመንገድ ስንቅ ይዘውት እንደሚሄዱ ጽፏል። ቡናን ከነገለባው በቅቤ አብስሎ የመብላት ልማድ ዛሬም በኦሮሞ ባህል ውስጥ ይገኛል። በሐረርጌ ደግሞ የቡናው ቅጠል ደርቆና ተቆልቶ ሲፈላ ቁጢ ይባላል፤ ገለባው ከወተት ጋር ሲፈላ ሆጃ ይሆናል። ሁለቱም ጣዕማቸው የሚወደድ መጠጦች ናቸው። ነገር ግን ፍሬው ወደ ገበያ ሲወጣ ለአምራቹ ቤት የሚቀረው ቅጠሉና ገለባው መሆኑም አብሮ መታየት ይኖርበታል።

በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ቡና በሁሉም ቤት የገባው ዘግይቶ ነው። ለረጅም ዘመን ካህናት የእስላም መጠጥ ነው በማለት ምዕመናንን ሲከለክሉ ቆይተዋል። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚገልጹት፣ ይህ አመለካከት መለዘብ የጀመረው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ሲሆን፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ቡና መጠጣታቸውና አቡነ ማቴዎስ የካህናቱን ጥርጣሬ ለማስወገድ መጣራቸው ለውጡን አፋጥኖታል። ዛሬ ቡና ሳይፈላ ጎረቤት በማይጠራራበት አካባቢ፣ ነገሩ እንዲህ ቅርብ መሆኑን የሚያውቅ ብዙ አይደለም።

የቤት ውስጥ አፈላሉ ከውጭ ሲታይ ሥርዓት ብቻ ይመስላል። ቄጤማው፣ ዕጣኑና ረከቦቱ ዓይን ይስባሉ። ዋናው ቁም ነገር ግን ጊዜው ነው። የተቆላ ቡና መዓዛው በውስጡ ባለው ዘይትና አየር ላይ የተመሠረተ ነው። ፍሬው ሳይፈጭ ከቆየ ይህን መዓዛ ለቀናት ይይዘዋል፤ ከተፈጨ በኋላ ግን ብዙ ሳይቆይ ይለቀዋል። በገጠር ቤት ቡናው ከምጣድ ወርዶ ሙቀጫ ውስጥ እስኪገባ፣ ከዚያም ጀበና ውስጥ እስኪፈላ አንድ ሰዓት ያህል አይሞላም። በውጭ አገር የጥራት ቡና ነጋዴዎች ብዙ ገንዘብ አውጥተው የሚፈልጉት ትኩስነት ይኸው ነው።

ቆሊዋ ጥሬውን ለቅማ ካጠበች በኋላ ብረት ምጣድ ላይ አድርጋ ሳታቋርጥ ታገላብጠዋለች። ፍሬው ሲያብጥና ሲንጣጣ ትጠነቀቃለች፤ ወዙ ወጣ ሲል ታወርደዋለች። ጭሱን ለእንግዶች ማዞሯም ከክብሩ ባሻገር ጥቅም አለው፤ ያረረውንና ሻጋታ የነካውን ቡና አፍንጫ ወዲያው ይለየዋል። ቀጥሎ የሙቀጫው ሥራ ይመጣል። ዘነዘና እንደ መኪና እኩል አይፈጭም፤ ከፊሉ ሻካራ፣ ከፊሉ ዱቄት ይሆናል። ዱቄቱ በፍጥነት ስለሚለቅ ከበዛ ቡናውን ያመርረዋል፤ ሻካራው ከበዛ ደግሞ ቡናው ይቀጥናል። ስለዚህ ሙያ ያላት ሴት ሙቀጫውን ሞልታ አትወቅጥም። ጥቂት ጥቂት እያደረገች፣ በእጇ እየዳሰሰች ትወቅጣለች።

የቀረውን የሚያስተካክለው ጀበናው ነው። ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ በመሆኑ ቡናው ፈልቶ አንገቱ ላይ ሲደርስ ይታወቃል። ከእሳት ወርዶ በማስቀመጫው ላይ ዘንበል ብሎ ሲቆይ አተላው ይዘቅጣል። ይህች ጥቂት ደቂቃ ከተዘለለች በሲኒው ውስጥ አተላ መጠጣት ነው። አቦሉ ከተቀዳ በኋላ በዚያው አተላ ላይ ውሃ እየተጨመረ ቶናና በረካ ይቀጥላሉ። በአንዳንድ አካባቢ ጨው ወይም ቅቤ፣ በሌላው ጤና አዳም ይገባበታል። ስኳር በኋላ የመጣ ነው።

በከተማ የመፍጫ መኪና የሙቀጫውን ቦታ መሻማት ከጀመረ ቆይቷል። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1953 የተከፈተው ቶሞካ ቆልቶና ፈጭቶ በመሸጥ ስሙ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በገበያ ተፈጭቶ ከሚሸጠው ቡና ውስጥ የተቆላ ገብስ ወይም በቆሎ የሚቀላቀልበት ስለማይጠፋ፣ ብዙ እመቤቶች ጥሬውን በዓይናቸው አይተው ካልገዙ አያምኑም። ጥንቃቄያቸው ትክክል ነው።

አምራቹ ከጥሩ ቡና የራቀበት ዋናው ምክንያት ግን መፍጫው አልነበረም። በደርግ ዘመን መንግሥት የቡናውን ግብይት በኮርፖሬሽን ሥር አድርጎ አርሶ አደሩን በኮታ ያስረክበው ነበር። በየመንገዱ በተተከሉት ኬላዎችም ከተወሰነ ኪሎ በላይ ቡና ይዞ ማለፍ ያስወርስ ነበር። በ1960ዎቹ መስፋፋት የጀመረው የታጠበ ቡናም ሌላ ርቀት ፈጠረ። አርሶ አደሩ ቀዩን እሸት ለማጠቢያ ጣቢያ ያስረክባል፤ በውሃ ላይ የተንሳፈፈውና ሳይበስል የተለቀመው ተመልሶለት፣ ከመሬት ከተለቀመው ጋር ጀንፈል ሆኖ ለቤት ይቀራል። ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ቡና በአገር ውስጥ እንዳይሸጥም በሕግ ተከልክሎ ቆይቷል። አገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ስለሚያስፈልጋት ክልከላው ምክንያት አልነበረውም አይባልም። ውጤቱ ግን የይርጋጨፌን ቡና ጣዕም ሐምቡርግ ላይ ያለ ቀማሽ ከአምራቹ ይልቅ አሳምሮ የሚያውቅ መሆኑ ነው።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 ከወጣ በኋላ የኦሮሚያ፣ የሲዳማና የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ዩኒየኖች ተከታትለው ተቋቋሙ። በእነዚህ ዩኒየኖች አማካይነት አባላት ቡናቸውን በስሙ መሸጥ ቻሉ። በስሙ የሚሸጥ ቡና ደግሞ ገዢው የሚጠይቅለት ጣዕም አለው፤ አበባ አበባ ይሸታል፣ የሎሚ ኮምጣጣነት አለው ይባላል። ይህን በሲኒ ቀምሶ የማያውቅ አባል፣ ዋጋው በጣዕም ምክንያት ሲቀነስበት የሚከራከርበት ነገር የለውም።

ለመቅመስ ትልቅ መሣሪያ አያስፈልገውም። በደንብ የቀላ እሸት ከአንድ ማሳ ለብቻው ተለቅሞ፣ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ስስ ተደርጎ ተሰጥቶና በየጊዜው እየተገላበጠ ከደረቀ በኋላ በሙቀጫ ይፈለፈላል። በሌላ ጀበና ከመሬት የተለቀመው ይፈላል። ሁለቱ ጎን ለጎን፣ ያለ ስኳርና ያለ ጨው በአቦል ሲቀርቡ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ከቤቱ እመቤት የተሻለ ዳኛ አይገኝም።